የብራቾ ጎሚኒ ጠብቆ አልገባ አለ፣ ያለ ፕሬስ (መጭመቂያ ማሽን) ቤት ውስጥ እንዴት ይገባል?

አራዳ_ቪትዝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ከፊት ግራ ጎማ በኩል ኳ ኳ ትላለች። ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ጎማውም ከውስጥ ጠርዙ እየተበላ ነው። ስር ገብቼ በፌሮ ነቅነቅ ሳደርገው የብራቾው (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው የስር ክንድ) የኋላ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ላስቲክ) ተሰንጥቋል። የፊተኛውም ደርቋል።

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ወርጄ ሁለቱንም ገዛሁ። ብራቾውን አውርጄዋለሁ፣ አሮጌዎቹንም አውጥቻለሁ። ያቆመኝ አዲሱ ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይገባም። በካሊበር (ደቃቅ መለኪያ) ስለካው የጎሚኒው የውጭ ብረት ከቀዳዳው በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ሰፈር ያለ ጋራዥ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዱ "ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚላጭበት፣ ወስደህ ትንሽ አስልጠው" አለኝ። ሌላው "መዶሻ ካገኘ ይገባል" አለኝ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም።

እቃው ተሳስቶ ነው ወይስ እንዲህ ጠብቆ ነው መግባት ያለበት? ያለኝ ክሪክ፣ ሁለት መደገፊያ ብረት፣ መካከለኛ ሞርሳና የቁልፍ ስብስብ ነው። ግቢያችን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ስላለ ቀኑን ሙሉ ብረት ስቀጠቅጥ መዋል አልችልም።

ካዛንቺስ_ልጅ፦

ወንድሜ ምን አደከመህ። ሙሉ ብራቾ ከነጎሚኒው ከነቦል ጆይንቱ (ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያያይዘው ኳስ መሳይ መጋጠሚያ) ግዛና ቀይረው። ጎሚኒ ብቻ እየነቀሉ ማስገባት ጊዜ መብላት ነው።

መካኒኳ፦

ካዛንቺስ፣ ያልከው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቦል ጆይንቱ አብሮ ካለቀ፣ ወይም ብራቾው ራሱ ከተጣመመ፣ ሙሉውን መቀየር ነው። ግን ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሙሉ ብራቾ ብዙ ጊዜ ብረቱ የሳሳ፣ ጎሚኒው የለሰለሰ ነው። የመኪናዋ የራሷ ብራቾ ቀጥ ያለና ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ጎሚኒ ገዝቶ እሱ ላይ ማስገባት ይሻላል። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን መኪና በወጉ መጠገን የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል።

አራዳ፣ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እቃህ ልክ ነው። በፍጹም እንዳታስልጠው። ጎሚኒው ሶስት ነገር ነው፤ የውጭ ብረት፣ መሃል ላይ ላስቲክ፣ ከውስጥ ቡሎኑ የሚያልፍበት ቱቦ። የውጭው ብረት ቀዳዳው ውስጥ ከገባ በኋላ መንቀሳቀስ የለበትም። ሙጫ የለውም፣ ቡሎን አልያዘውም። የያዘው ጥብቀቱ ብቻ ነው። ያ የለካኸው 0.1 ሚሊ ስራው ያ ነው። ላጨኸው ማለት መያዣውን አወለቅከው ማለት ነው። ያን ጊዜ ጎሚኒው ቀስ እያለ ይወጣል ወይም ይሽከረከራል፣ ቀዳዳውንም እየበላ ይሄዳል፤ ከዚያ ብራቾውም አይተርፍም። በእጅህ ገፋ አድርገህ የገባ ጎሚኒ ቢሆን ኖሮ ነበር መልሰው የምልህ።

መዶሻውንም ተወው። መዶሻ ጎሚኒውን አጣሞ ያስገባዋል፣ የቀጭኑን ብረት ጠርዝ ያጥፈዋል። መሃሉን ከመታኸው ደግሞ ላስቲኩ ከብረቱ ይላቀቃል። ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ሞቷል።

ናፍጣ_ሰባተኛ፦

እኔ ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ በመዶሻ ሲያስገቡ ነው የማየው። ይሰራል።

መካኒኳ፦

ይገባል። የሚቆይበትን ጊዜ ግን ማንም ተከታትሎ አያይም። ባለመኪናው ከወራት በኋላ ኳ ኳው ሲመለስበት "እቃው ቻይና ስለሆነ ነው" ይባላል። ብዙ ጎሚኒ የሚሞተው መኪናው ላይ ሳይሆን ሲገባ ነው።

አራዳ_ቪትዝ፦

እሺ፣ ገባኝ። ያለ ፕሬስ ታዲያ በምን ልግፋው? ሞርሳዬ አፉ ብራቾውንና ጎሚኒውን አንድ ላይ አይችልም።

መካኒኳ፦

ረጅም ጥርስ ያለው ዘንግ ግዛ፣ ሙሉውን ጥርስ የሆነ። 16 ሚሊ ቢሆን ጥሩ ነው፣ 14ም ያስኬዳል፤ ግን የጎሚኒው ውስጥ ቱቦ ውስጥ ማለፍ ስላለበት መጀመሪያ ቀዳዳውን ለካ። ጠባብ ከሆነ የሚያልፈውን ትልቁን ውሰድ። ጥንካሬው 8.8 የሚል ይሁን። ለኮርኒስ ማንጠልጠያ የሚሸጠው ለስላሳ ዘንግ ጥርሱ ይበላል፣ ተበጥሶም ሊመታህ ይችላል። ዳዶ ከሁለቱም በኩል፣ ወፍራም ሮንዴላ፣ እና ሁለት ቁራጭ ቱቦ ያስፈልግሃል።

አንደኛው ቱቦ የሚገፋው ነው። አፉ የሚያርፈው የጎሚኒው የውጭ ብረት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ላስቲኩን አይነካም፣ የውስጡን ቱቦም አይነካም። ሁለተኛው የሚቀበለው ነው። ከብራቾው ማዶ ይቆማል፣ ውስጡ ከጎሚኒው ትንሽ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፣ ጎሚኒው ብቅ ሲል የሚገባበት እንዲያገኝ። ዘንጉን በሁሉም መሃል አሳልፈህ ዳዶውን ማጥበቅ ብቻ ነው። ድምጽ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም፣ ጎረቤትም አይረበሽም።

ጥርሱን ግሪስ ቀባው። ዳዶው የሚዞርበት በኩል ሮንዴላው ላይም ቀባ። አሮጌ ጠፍጣፋ ኩሽኔታ ካለህ ዳዶው ስር አድርገው፣ ለእጅህ በጣም ይቀልለዋል። መነጽር አድርግ። ይሄን ዝም ብዬ አይደለም የምለው፣ የተጨነቀ ብረት ሲያመልጥ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት፦

እኔ የምሰራው ቶርኖ ላይ ነው። ጎሚኒ ላጭልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። አልላጭም፣ መልሼ ነው የምልከው። ገንዘቡን ትቼ ነው፣ ምክንያቱም ያ መኪና ነገ የሚሄደው ልጆች ጭኖ ነው። ይልቅ ጎሚኒውንና ብራቾውን ይዘህ ቶርኖ ቤት ሂድና ሁለቱን ቱቦ በልኩ አስቆርጥ። እቃውን እዚያው አስለካ እንጂ ቁጥር በቃል አትንገር። የሚገፋው ቱቦ የውጭ ልኩ ከቀዳዳው በግማሽ ሚሊ ይነስ፣ ጎሚኒውን ተከትሎ ገብቶ እንዳይጣበቅ። አፉ ፍጹም ቀጥ ያለ ይሁን። ቱቦ በሰጌቶ በእጅ ከቆረጥክ አፉ ዘመም ይላል፣ አፉ ከዘመመ ጎሚኒውም ዘሞ ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ብራቾ ቀዳዳው አንድ ወፍራም ቀለበት አይደለም፣ ሁለት የቆርቆሮ ጆሮ ነው፣ መሃሉ ባዶ። እንደዚህ አይነቱን ስትጨምቀው ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። መሃላቸው ግማሽ ጨረቃ የሆነ ቁራጭ ብረት ወሽቅና ነው የምትጨምቀው።

አራዳ_ቪትዝ፦

የኔ ሙሉ ቀለበት ነው፣ ተመስገን። ቶርኖ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግሪስ ጎሚኒው ላይ ልቀባ? ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው የሚሉም አሉ፣ እውነት ይረዳል?

ናፍጣ_ሰባተኛ፦

ግሪስ በደንብ ቀባው፣ ሸርተት ብሎ ይገባል።

መካኒኳ፦

ግሪስ አትቀባ። የተለመደው ግሪስና የሞተር ዘይት ከነዳጅ የሚወጣ ነው፣ የተፈጥሮ ላስቲክ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በጊዜው ይበጣጠሳል። በዚያ ላይ ውስጥ ታምቆ ይቀርና ብረቱ እንዲንሸራተት ያደርገዋል። የሳሙና ውሃ ውሰድ። ሲገባ ያንሸራትታል፣ ከዚያ ደርቆ ይጠፋል። ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ የሚያስገባ ካለ የእሱ ሌላ ነው፣ የሲሊኮን ግሪስ ነው የሚፈልገው፣ ብዙ ጊዜ ከእቃው ጋር አብሮ ይመጣል።

ከዚያ በፊት ግን ቀዳዳውን አጽዳ። ዝገቱንና የላስቲኩን ቅሪት በሽቦ ብሩሽና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። ማጽዳት እንጂ ማስፋት አይደለም፣ ብረቱ ሲያበራ አቁም። አፉ ላይ ሹል ጠርዝ ካለ በሞረድ ዞር ዞር አድርገህ ሹሉን ብቻ ስበር። ጎሚኒው ቀጥ ብሎ እንዲጀምር የሚያደርገው እሱ ነው።

ፊዚክስ_4ኪሎ፦

የፍሪዘሩን በቁጥር ላሳያችሁ፣ ደስ የሚል ጉዳይ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ከልኩ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል። 40 ሚሊ ስፋት ያለው ጎሚኒ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ከዜሮ በታች 18 ላይ ቢደርስ ወደ 0.018 ሚሊ ይቀንሳል። ብቻውን ጥቂት ነው። ብራቾውን ደግሞ ብታሞቀውስ? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ብራቾው ወደ 90 ቢደርስ ቀዳዳው በ0.034 ሚሊ ገደማ ይሰፋል። ሲደመር ከ0.05 ትንሽ በለጥ ይላል። አራዳ ከለካው 0.1 ግማሹ ማለት ነው። በተግባር ብራቾው ሙሉ በሙሉ ስለማይሞቅ ከዚህ ያነሰ ጠብቁ። ስለዚህ አውቶማቲክ ጥልቅ ብሎ አይገባም፣ ግን ዘንጉ ላይ የምታወጣውን ጉልበት በደንብ ይቀንስልሃል። የአሉሚኒየም ብራቾ ያለው ሰው የበለጠ ይጠቀማል፣ አሉሚኒየም የብረቱን እጥፍ ያህል ነው የሚለጠጠው።

ካዛንቺስ_ልጅ፦

ታዲያ በብየዳ እሳት ለምን አያሞቀውም? ቀይ እስኪሆን።

ፊዚክስ_4ኪሎ፦

አይሆንም። አዲሱ ላስቲክ ከዚያ ቀይ ብረት ጋር ሲገናኝ ይቃጠላል። የብራቾው ብረትም ጥንካሬው ይበላሻል፣ አሉሚኒየም ከሆነማ ጭራሽ። የፈላ ውሃ ጥሩነቱ ከ92 አያልፍም፣ ማንም ቢሰራው አያበላሽም።

መካኒኳ፦

ትክክል። ውሃውንም ቦል ጆይንቱ ላይ አታፍስ። ጎሚኒ የሚገባበትን ጫፍ ብቻ ባልዲ ውስጥ ንከር፣ ቦል ጆይንቱ ውጭ ይሁን። አሮጌ ጎሚኒ በእሳት አቃጥለው የሚያወጡም አሉ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ባለበት ግቢ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። አራዳ፣ አንተ በምን አወጣኸው?

አራዳ_ቪትዝ፦

ላስቲኩን ዙሪያውን በድሪል እየበሳሁ መሃሉን አወጣሁት። ከዚያ የሰጌቶ ምላጭ ቀዳዳው ውስጥ አሳልፌ የውጭውን ብረት ከውስጥ ወደ ውጭ መገዝኩት። ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ስስ እስኪሆን፣ የብራቾውን ቀዳዳ እንዳልነካ። ከዚያ በካቻቪቴ ወደ ውስጥ ሳጥፈው ለቀቀ።

መካኒኳ፦

ንጹህ ስራ ነው። አሁን ሳታስገባው አቅጣጫውን እይ። የኋላው ጎሚኒ ላስቲኩ ላይ ክፍተቶች ካሉት ዝም ብለው የተሰሩ አይደሉም፣ በአንድ በኩል እንዲለሰልስ በሌላው እንዲጠነክር ነው። ምልክት ወይም ቀስት ካለው ከአሮጌው ጋር አመሳስለው። በየት በኩል ስንት ሚሊ ብቅ ብሎ እንደነበርም ከቀኝ ጎኑ ብራቾ ላይ ማየት ትችላለህ፣ እሱ ገና ስላልተነካ።

ጋሽ_ላዳ፦

ልጆች፣ ጥሩ ነው የምትነጋገሩት። እኔ ሰማያዊ በነጭ ላዳ ታክሲ ላይ ነው ያረጀሁት። ዋናው ነገር ገና አልተነሳም። ብራቾውን መኪናው ላይ ስትመልስ ቡሎኖቹን ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አታጥብቅ።

ለምን? ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡን ቱቦ ከሻሲው ጋር ነክሶ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ቱቦው አይዞርም። የውጭውም ብረት ጠብቋልና አይዞርም። የሚጠመዘዘው መሃሉ ላይ ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ብራቾው ወደ ታች ወርዶ እያለ ካጠበቅከው ላስቲኩ ያንን ቦታ "ቤቴ ነው" ብሎ ይይዛል። መኪናዋን ስታወርዳት ብራቾው ወደ ላይ ይወጣል፣ ላስቲኩም እንደተጨመቀ ፎጣ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማም ሆነ ሄዳ እንደተጠመዘዘ ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ይተረተራል። ሰው ጎሚኒ በዓመት ሁለቴ ይቀይርና እቃ ሻጩን ይረግማል። እቃ ሻጩ ሁሌ ጥፋተኛ አይደለም።

ቡሎኖቹን በእጅ አስገባ፣ ነካ ነካ አድርጋቸው። ጎማውን ግጠም። መኪናዋን አውርዳት፣ ከፊት በኩል ጫን ጫን አድርገህ ወዝውዛት ቦታዋን እንድትይዝ። ከዚያ ከስር ገብተህ አጥብቅ። መግቢያ ካጣህ ክሪኩን ከብራቾው ጫፍ ስር፣ ቦል ጆይንቱ አጠገብ አድርገህ አንሳ፤ የመኪናዋ ክብደት በእሱ ላይ እስኪያርፍ፣ ከመደገፊያው ልትነሳ ስትል አቁምና አጥብቅ። የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናዋ መጽሐፍ ውሰድ እንጂ በግምት አይሁን።

አራዳ_ቪትዝ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እድሜ ይስጥልኝ።

የላዳ_ወዳጅ፦

ጋሼ፣ እኔም ላዳ አለችኝ፣ የፊቷ ጎሚኒዎች አልቀዋል። በዚሁ መንገድ ቤት ልሞክር?

ጋሽ_ላዳ፦

ልጄ፣ የላዳ ሌላ ነው። ቪትዝ ላይ ሞላው ከአሞርዛተሩ ጋር አንድ ላይ ነው ያለው፣ ብራቾውን ስታወርድ ሞላው አይፈታም። ላዳ ላይ ሞላው የታችኛው ብራቾ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ታፍኖ። ሞላ መጭመቂያ ሳይኖርህ ብራቾውን ከፈታህ ሞላው ተወንጭፎ ሰው ይገድላል። መጭመቂያ ያለው፣ የሚያውቅ ሰው ጋ ውሰዳት። እባክህ ብቻህን አትሞክር።

ናፍጣ_ሰባተኛ፦

እኔ ጋ ያለው ተቃራኒ ነው። ኮሮላዬ ላይ ጎሚኒው ልል ሆኖ ጋራዥ በብየዳ ፑንታ ፑንታ አድርገው ያዙልኝ። ችግር አለው?

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት፦

አለው። ያ ፑንታ ሲነድ ሙቀቱ ላስቲኩን ከብረቱ ያላቅቀዋል። ልል የሆነው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ጎሚኒው የሌላ መኪና ነው ወይም ልኩ ያልጠበቀ ነው፣ ወይ ደግሞ ቀዳዳው ድሮ ተበልቷል። ጎሚኒው ከሆነ ይቀየራል። ቀዳዳው ከሆነ ብራቾው ይቀየራል። እዚህ ላይ ካዛንቺስ ትክክል ነው፣ ሙሉ ብራቾ ግዛ። መጀመሪያ ግን በካሊበር አስለካው። እቃ ስትገዙም ሶማሌ ተራ ካሊበር ይዛችሁ ሂዱ፣ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ። ሻጮቹ አይከፋቸውም።

ካዛንቺስ_ልጅ፦

ሌላም ነገር አለ፣ ቦታ ምረጡ። የፒያሳ ቁልቁለት ላይ መኪና በክሪክ አንስቶ ስር መግባት ሞት ነው። ደልዳላ ቦታ፣ የኋላ ጎማ ላይ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ፣ የእጅ ፍሬን፣ መደገፊያ ብረት። በክሪክ ብቻ ቆማ ስር የሚገባ ሰው አይቼ ሆዴ ይርዳል።

አራዳ_ቪትዝ፦

ሰላም፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። ቱቦዎቹን ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩ፣ ዘንጉን መርካቶ አገኘሁ፣ 8.8 የሚል ተጽፎበታል። ጎሚኒዎቹ ፍሪዘር ውስጥ አደሩ። ጠዋት የብራቾውን ጫፍ ባልዲ ውስጥ የፈላ ውሃ እየቀያየርኩ አቆየሁት። ጎሚኒው ላይ የተጠራቀመውን በረዶ ጠርጌ የሳሙና ውሃ ቀባሁና ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዎች ላይ ነው ጥንቃቄው። አንድ ዙር ካጠበቅኩ በኋላ አቁሜ ዙሪያውን በካሊበር እለካለሁ፣ በአንድ በኩል ከቀደመ ላላ አድርጌ አስተካክላለሁ። ቀጥ ብሎ ከያዘ በኋላ በረጅም ቁልፍ ብቻ ተጎትቶ ገባ። ሲገባ ጭር ጭር የሚል የብረት ድምጽ አለው፣ እሱ ጤነኛ ነው መሰለኝ። ላስቲኩ አልተነካም፣ ጠርዙም አልታጠፈም።

ጋሼ እንዳሉት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው ያጠበቅኩት፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ) ከጓደኛ ተውሼ። ኳ ኳው ጠፍቷል። ፍሬን ስይዝ መሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መካኒኳ፦

እልል! አላይመንት ሳታሰራ ግን ሩቅ አትሂድ። ብራቾ ወርዶ ከተመለሰ የጎማው አቀማመጥ በትንሹም ቢሆን ይለወጣል፣ ያ የተበላ ጎማህ እንደገና ይበላል። ትንሽ ከነዳሃት በኋላም ቡሎኖቹን አንዴ በቶርክ ሬንች ፈትሽ። የቀኙንም ጎን ቶሎ ቀይር፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ልፍስፍስ ሆኖ መሄድ ጥሩ አይደለም።

አራዳ_ቪትዝ፦

የቀኙን በሚመጣው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ዘንጉንና ቱቦዎቹን ፒያሳ አካባቢ ላለ ሰው አውሳለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የላዳ_ወዳጅ፦

እህቴ ቪትዝ አላት፣ የኋላ አክስሉ ጎሚኒ አልቋል። እነዚያ ቱቦዎች ይሆናሉ?

ቶርኖ_ተክለሃይማኖት፦

አይሆኑም፣ የኋላው ጎሚኒ ልኩ ሌላ ነው። ዘንጉን ተዋስ፣ ቱቦውን ግን ጎሚኒውን ይዘህ ቶርኖ ቤት በራሱ ልክ አስቆርጥ። የኋላው ደግሞ አክስሉ ሳይወርድ እዚያው መኪናው ላይ ስለሚገባ ዘንጉ አጠር ይበል፣ ቁልፍ የሚዞርበት ቦታ ጠባብ ነው። አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት አቅጣጫውን አክስሉ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፣ እዚያ በተለይ ክፍተቱ የሚዞርበት ጎን ከተሳሳተ እንደገና ማውጣት ነው።

የላዳ_ወዳጅ፦

እሺ፣ መጀመሪያ አስለካለሁ። አራዳ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።